ትንፋሽህን ያዝ

— ሄሎ?... ሄሎ... ማን ልበል?

— ጋሼ ሙፊድ! ወአለይኩም ሰላም። አንተ ነህ እንዴ? አልለየሁህም እኮ፣ ድምፅህ ተቆራረጠ... አዎ፣ አሁን ይሻላል። ሞተሩን አጥፉት እስቲ፣ ጆሮዬን በላው... እሺ... እ? መልሕቅ ጥላችኋል? የት ጋ?... አሃ፣ ከሰሜኑ የኮራል ድንጋይ አጠገብ። ለዚህ ነዋ ኔትወርክ የተገኘው።

— ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እናትህም ደህና ናቸው። እዚሁ በረንዳው ላይ ኮኮናት እየፋቁ ነው... እማማ! ልጅዎ ነው የደወለው፣ ከጀልባው ላይ!... "በልቷል ወይ" ይላሉ። ለኔ እንዳይመስልህ ያሉት፣ ለድመቷ ነው። አንድ ቤት እየኖርን ለኔ ያላቸውን ሁሉ በድመቷ በኩል ነው የሚያስተላልፉት፣ ታውቅ የለ... አትሳቅ እንግዲህ። "ልጄን የገደለች" ተብሎ በድመት መነገር አያስቅም... እሺ፣ ተውኩት። በልቷል እማማ! ሩዝና ዓሣ በልቷል!

— እኔማ ልወጣ ስል ነው የደረስክብኝ... ወደ ወደብ። ፈተና አለብኝ ዛሬ። የጠላቂዎች ኮርሱ ነዋ፣ ነግሬህ አልነበር? ውሃ ውስጥ የተቸገረ ሰው እንዴት እንደሚወጣ ነው የምንማረው። ዛሬ የመጨረሻው ነው። ካለፍኩ እንግዳ ማረፊያው ቱሪስት ይዤ እንድጠልቅ ይቀጥረኛል፣ ኢንሻአላህ... እ?... ለሱ ነው የደወልከው? ለኮርሱ?

— ምን?... ድገመው እስቲ... ምን አደረገች?

— ቆይ፣ ልሳቅና ልምጣ። ናሽዋ ከንፈር ሳመች አሉህ? በጠራራ ፀሐይ፣ ባሕር መሃል? ወይ የኛ ደሴት! እናንተ ያለ ኔትወርክ ስትሰነብቱ፣ ወሬው ግን እየዋኘም ቢሆን ይደርሳችኋል። ማነው የላከልህ?... በቫይበር? ፎቶም አለው?... የማን ፎቶ ነው? ከወደቡ ግንብ ላይ ሆነው ነው ያነሱት መቼም።

— ያ መሳም አይደለም ጋሼ ሙፊድ። ትንፋሽ መስጠት ነው። ስማኝ... አሰልጣኟ፣ ራዉፋ ትባላለች፣ የደቡብ ሰው ናት... አዎ፣ ሴት ናት። ወንድ ብትሆንማ ምን ልትሉኝ ነበር!... እሷ ራሷን እንደሳተች ሆና ባሕሩ ሥር አሸዋው ላይ ትተኛለች። እኔ ፈልጌ አገኛታለሁ፣ ይዣት እወጣለሁ፣ ውሃው ላይ በጀርባዋ አስተኛታለሁ። ከዚያ እስከ ጀልባው ድረስ እየጎተትኳት፣ እየቆጠርኩ፣ በየመሃሉ አፍንጫዋን ይዤ ትንፋሽ እሰጣታለሁ። ይኸው ነው። እየጎተትኩ ደግሞ የሷንም የኔንም ዕቃ መፍታት አለብኝ። የአየር ሲሊንደሩን፣ ወገብ ላይ የሚታሰረውን የእርሳስ ክብደት፣ ሁሉን። ቆጠራው ከጠፋብኝ እንደገና ከታች። ማዕበሉ አፌ ውስጥ ገብቶ ካሳለኝ እንደገና ከታች። ትናንት ቤት ስገባ ቀኝ እጄን ማንሳት አቅቶኝ በግራዬ ጎረስኩ። ምን እንደተባለ ልንገርህ? "አየሽ ድመቴ፣ በግራዋ የምትበላ ሴት ቤቴ ገባች!"

— ልብሱ? ልብሱ ላስቲክ ነው፣ እንዲሞቅ ነው... ላዩ ላይ ረጅም ሸሚዝ ደርቤበታለሁ። ሻሼም ከራሴ ወርዶ አያውቅም። ፎቶውን ሰፋ አድርገህ እየው፣ ከቻልክ።

— ተዪው ነው የምትለኝ?... ለምን እተወዋለሁ?... ዓሣ ማድረቂያው ውስጥ? እዚያማ ሴቶቹ አጠገባቸው አያስቆሙኝም። ረሳኸው እንዴ? ባሎቻቸው ጀልባ ሲሳፈሩ እኔ ከመንገዱ እንድገለል ሰው ይልኩብኛል እኮ። ፊቷን ያየ ጠላቂ ትንፋሹ ያጥራል ተብሎ... አንተማ አላልክም። አልክ አልወጣኝም።

— "ባልሽን የበላ ባሕር ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?"... እሱን ነው የምትጠይቀኝ?

— እሺ፣ እነግርሃለሁ። ከጠየቅከኝ አይቀር ልንገርህ። ራዉፋን ትንሽ አስጠብቃታለሁ።

— መጀመሪያ የገባሁት ለእንጀራዬ ነው፣ ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረኝም። ከዚያ አንዱ ትምህርት ላይ ወደቅኩ። ደግሜ ወደቅኩ። ደግሜ። ታች ሆነሽ አየር አለቀብሽ እንበል፣ ትለኛለች፣ ማስተንፈሻውን እንደነከስሽ ቀስ እያልሽ ውጪ፣ ግን እስከ ላይ ድረስ "አአአ" እያልሽ። አፍሽ ሳይዘጋ፣ አየሩ እየወጣ። ሌላ ነገር የለውም። ከሳምንት በፊት የውሃ መነጽር አድርገው የማያውቁ ፈረንጆች አንዴ ሞክረው አለፉት። እኔ የደሴት ልጅ አቃተኝ! ለምን መሰለህ?... አይደለም፣ ፈርቼ አይደለም።

— ትንፋሼን ስለምይዝ ነው። ሳላስበው አፌ ይገጥማል። እሷ እግሬን ይዛ ታስቆመኛለች፣ ጣቷን ታወዛውዛለች፣ ወደ ታች ትመልሰኛለች። መጀመሪያ የደቡብ አነጋገሯ ነው ያልገባኝ ብዬ ነበር። ግማሹን አልሰማትም፣ ወላሂ፣ እንግሊዝኛው ይቀለኛል። በኋላ ሳየው ቃሉማ ገብቶኛል፣ ያልገባው ሰውነቴ ነው። እንዴት ይግባው? ወደቡ ሥር ቀንድ አውጣ ለቀማ ስንጠልቅ፣ ማን ይቆያል እያልን አይደል ያደግነው? ወንድምህ ሺናን አሸዋውን ጨብጦ ሲቀር፣ እኛ ላይ ሆነን ሞተ ብለን እያለቀስን፣ እሱ ደግሞ ጥርሱን እየገለጠ ይወጣ አልነበር? ሰው ከጀልባ ሲወርድ የምንለውስ ምንድነው? ሌላው አገር በሰላም ግባ ይላል። እኛ ምን እንላለን?

— አዎ። "ትንፋሽህን ያዝ!" ምርቃታችን እኮ ነው። ሙሽራም ሲወጣ ይባላል።

— ሄሎ?... ትሰማኛለህ?... የተቋረጠ መሰለኝ። እሺ ስማ።

— ራዉፋ ሲመርራት ምን አደረገች... አንድ የልደት ፊኛ ይዛ ወረደች። ቢጫ። ታች፣ የኮኮናት ዛፍ ቁመት ያህል ከወረድን በኋላ ከሲሊንደሩ ትንሽ አየር ሞላችበትና ቋጠረችው። ብርቱካን የምታህል ነበረች። ለቀቀቻት። ወደ ላይ ስትሄድ ታብጣለች፣ ታብጣለች፣ የሰው ራስ አከለች፣ ከዚያም ውሃው ላይ ሳትደርስ ፈነዳች። ራዉፋ ወደኔ ዞረችና በጣቷ ደረቴን ነካችኝ።

— እንደዚያ ነው የገባኝ። እኛ ያለ ሲሊንደር ስንጠልቅ፣ ከላይ የሳብነውን አየር ይዘን ወርደን፣ ያንኑ ይዘን ብንወጣ ያው ነው፣ ምንም አይለንም። ከታች ከሲሊንደር የተሳበ አየር ግን ተይዞ ከተወጣበት ሳንባ ይቀደዳል። ሳንባ፣ ጋሼ ሙፊድ። እንደዚያች ፊኛ።

— ባሌ ሺናን ያን ቀን ሲወጣ አፉ ላይ ምን ነበር?... አንተ እኮ ነህ የነገርከኝ። አረፋ። ደም የቀላቀለ አረፋ። ባሕሩ ውስጥ ያለው ጂን ጨመቀው አላችሁ። አኩርፎ የገባ ሰው ጂን ይደፍረዋል አላችሁ። ማን አስኮረፈው? ናሽዋ። ወደቡ ላይ በሲሊንደር አትግባ፣ ብትገባ አላናግርህም ብዬው፣ ሲሰናበተኝ ጀርባዬን ሰጥቼው ሄድኩ። ይህን ደሴቱ ሁሉ አየ። ጂን አልነበረም ጋሼ። ኩርፊያም አልነበረም። ትንፋሹን ይዞ ነው የወጣው!

— ምንድነው የምትለኝ?... "ያለፈ ነው"? ... "ሙት አይወቀስም"? ማን ወቀሰው? እኔ ሺናንን... ቆይ።

— ቆይ ቆይ። ጀልባህ ላይ የቀጠርከው ወንድሜ የት አለ? ሳሙህ የት ነው?

— ምን ማለት ነው "ሥራ ላይ ነው"?... ውሃ ውስጥ?... በምን?... በሲሊንደር ነው ወይ የገባው? ጋሼ ሙፊድ፣ አትሸፋፍንብኝ!

— አንተ ሰው! በመንጠቆ ዓሣ ብቻ ነው የምናጠምደው አላልከኝም? በሲሊንደር መጥለቁ የተከለከለ ነው፣ ከሺናን ወዲህ ትቼዋለሁ ብለህ ቁርዓን ልትይዝልኝ አልነበር? ለዚያች ከባሕር ወለል ለምትለቀም፣ ለስላሳ ትል ለምትመስል ነገር፣ ቻይኖች ለሚበሏት፣ ደግሞ የኔን ወንድም... አይደለም እማማ፣ ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው... አይ፣ አልጮህኩም።

— ምን? ጎትታችሁ ልታወጡት ነው? አትጎትቱት! የታሰረበትን ገመድ ልቀቁት! በፍጥነት ካወጣችሁትማ እናንተው ገደላችሁት ማለት ነው... ተዉት፣ በራሱ ይውጣ። አረፋው ይታያችኋል? የሚወጣ አረፋ አለ?... አለ?... እሺ። እሺ፣ ሳያቋርጥ ከወጣ እየተነፈሰ ነው። እስኪመጣ አልዘጋም። አንተም እንዳትዘጋ።

— እስኪወጣ ድረስ እኔ ላውራ። ሰሞኑን ምን ሆንኩ መሰለህ... ራዉፋ አሸዋው ላይ ተኝታ ፈልገሽ አግኚኝ አለችኝ። ዞሬ ዞሬ አገኘኋት። እጆቿን ዘርግታ፣ ፊቷን አሸዋ ላይ ደፍታ። ትወና ነው፣ አውቃለሁ፣ ከማስተንፈሻዋ አረፋ ይወጣል። ግን ሺናን ነው የመሰለኝ። ቆሜ ቀረሁ። አየሬን ጨርሼ እሷው አወጣችኝ፣ አዳኟ ዳነች። ወደቡ ላይ ስቀመጥ "ማነው?" አለችኝ። ባሌ ነው አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም፣ በማግስቱ ደግማ አሸዋው ላይ ተኛችልኝ። እዚያው ቦታ። እስክለምደው ድረስ እየተመላለሰች ተኛችልኝ። ይቺን ሴት ነው የሳምሽው የምትሉኝ...

— ወጣ?... ወጣ ወይ?... ጭንቅላቱ ይታያል? ምን ይመስላል? ይናገራል?... ይስቃል? ምን ያስቀዋል!... ስጠኝ። ስልኩን ስጠው። ውሃው ይንጠብጠብበት፣ ስልክ ይገዛል፣ ስጠው ብያለሁ!

— ሳሙህ? ሳሙሄ... አለሁ የኔ ጌታ። ደረትህን ያምሃል?... ሳል? ደም አልተፋህም?... አትሳቅብኝ፣ እየለመንኩህ ነው። ስትወጣ ትንፋሽህን ይዘህ ነበር?... እየለቀቅክ? በደንብ? እስከ ላይ?... አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ... አላለቀስኩም። ጉንፋን ነው።

— እሺ... ቆይ፣ ቆይ። ማን አስተማረህ?

— ማ?

— ሙፊድ?... የኛ ሙፊድ? አሁን አጠገብህ ያለው?... መቼ ነው ያስተማረህ?... ገና ጀልባው ላይ ስትወጣ። ለሁላችሁም?... አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር። ምን ብሎ?... ቃል በቃል ንገረኝ፣ ሳሙህ።

— "ወንድሜ ትንፋሹን ይዞ ነው የሞተው። እዚህ ጀልባ ላይ 'ትንፋሽህን ያዝ' የሚል ሰው ካገኘሁ ባሕር ውስጥ ነው የምወረውረው።" እንደዚያ አለ?

— እንደዚያ አለ።

— አንተ ግን፣ ሳሙህ... አንተ ታውቅ ነበር ማለት ነው። አብረኸኝ እየበላህ፣ ሰው ሁሉ ገዳይ ሲለኝ እየሰማህ... እ?... እኔ አውቃለሁ ብሎህ? "እህትህ ታውቃለች፣ ግን አታንሳባት፣ ሐዘኗን ይቀሰቅስባታል" አለህ?... አይ፣ አንተ አላጠፋህም። ወላሂ አልተቀየምኩህም። ልብስህን ለውጥ፣ ብርድ እንዳይመታህ። ስልኩን መልስለት።

— ሄሎ?

— ሙፊድ።

— አዎ፣ "ጋሼ"ዋን ትቻታለሁ። ገብቶሃል ለምን እንደሆነ... አትንተባተብ። ማን ነገረህ? ሳንባው መፈንዳቱን ማን ነገረህ?... ሐኪሙ? የቱ ሐኪም?... ሬሳውን ሆስፒታል ወስዳችሁት ነበር እንዴ? ለኔ በቀጥታ ከባሕር አመጣነው አላችሁኝ እኮ!... ቀኑን? በዚያው ቀን?

— በዚያው ቀን አውቀሃል። ከመቀበሩ በፊት።

— ይኼ ሁሉ ሕዝብ ቤታችን ለቅሶ ተቀምጦ፣ እኔ ጥግ ይዤ፣ ያቺ አክስትህ ቆማ "በጀርባዋ ገደለችው" ስትል፣ አንተ እዚያ ነበርክ። ምንጣፉ ላይ ነበር የተቀመጥከው፣ አስታውሳለሁ፣ ዓይንህን ሰብረህ። እኔ ደግሞ ለኔ አዝኖ ነው ብዬ... አየህ ሞኝነቴን? የሚያዝንልኝ እሱ ብቻ ነው ብዬ ነበር እኮ!

— ልትነግረኝ ነበር። መቼ?... ጀልባው ይወረስ ነበር፣ እሺ። ትታሰር ነበር፣ እሺ። ቤቱ በጀልባው ነው የሚበላው... እኔም ከሱ ነው የምበላው፣ እሺ። ሩዙን ቆጥረህብኝ ጨርሰሃል?... እና ለመንግሥት መንገር ሌላ፣ ለኔ መንገር ሌላ አይደለም? ጆሮዬ ላይ ብታንሾካሹክልኝ ጀልባህን እወርስብህ ነበር?

— ምን?... አልሰማሁህም፣ ነፋሱ ነው... ድገመው።

— አንተ ነህ ያልከው። "ትንፋሽህን ያዝ" ያልከው አንተ ነህ። ሲሊንደሩን አሸክመኸው፣ ትከሻውን መትተህ...

— እሱን አልወቅስህም። ስማኝ፣ ሙፊድ፣ አታልቅስ። እሱን አልወቅስህም። ያኔ ማን ያውቅ ነበር? ባንጣላ ኖሮ፣ እኔም ወደቡ ላይ ቆሜ ያንኑ ነበር የምጮህለት። አባቶቻችን ያሉንን ነው ያልከው። የመረቅከው ነው የመሰለህ።

— የማልምርህ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አወቅክ፣ ለሠራተኞችህ አስተማርክ፣ ጎበዝ። ባዳውን ሁሉ አዳንክበት። እኔን ግን... እኔ እኮ ራሴ አምኜው ነበር! ሰዎቹ ብቻ ቢሉኝ ምን ነበረበት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ እል ነበር። እኔው ነኝ ያመንኩት። ዞሬ ባየው ኖሮ፣ እጄን ባነሳለት ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ያቺን ወደብ በሐሳቤ ተመላለስኩባት መሰለህ? መቃብሩ ላይ ሄጄ ይቅር በለኝ ስለው፣ አንተ ሁለት ጊዜ አይተኸኛል። አጠገቤ ቆመህ ዱዓ አድርገህልኛል! "አላህ ይቅር ይልሻል ናሽዋ" ብለኸኛል! ከምኑ ነው ይቅር የሚለኝ? ንገረኛ! ምን አድርጌ?



— ለዚህ ነው ኮርሱን ተዪው ስትለኝ የነበረው። እኔ መሳሙ ከንክኖህ መስሎኝ እየሳቅኩ ነበር። ከንፈር አይደለም ያስፈራህ... አይደለም? ታዲያ ምንድነው? ታች ወርጄ ምን እንደምማር ታውቅ ነበር። ፎቶውን ስታይ ቀኑ እንደደረሰብህ ገብቶሃል።

— እ?... ማን?... እናትህ?

— እዚሁ ናቸው። መፋቁን አቁመዋል፣ ካቆሙም ቆይተዋል። ስጮህ ሰምተዋል መሰለኝ፣ ዓይናቸውን ስልኩ ላይ ተክለው ቀርተዋል... እማማ፣ ይቆዩኝ አንዴ።

— አትንገሪያቸው? ልባቸው ይቆማል?... ሙፊድ፣ የሳቸው ልብ ቆሟል እኮ። እኔን ባዩ ቁጥር ነው የሚቆመው። ገዳይ ከገበታቸው ላይ ተቀምጣ፣ ገዳይ ውሃ እየቀዳችላቸው፣ ገዳይ እግራቸውን ስታሽላቸው። አንተ ያንን እድሜ ነው የሰጠሃቸው። እኔ ብቻ አይደለሁም የተቀጣሁት፣ የገዛ እናትህን ነው ጥላቻ ያበላሃቸው።

— ምን ትሰጠኛለህ? አልሰማሁም... ቤት? ለብቻዬ? በስሜ?... አይ ሙፊድ። አይ ሙፊድ! አሁን እንኳን አልገባህም።

— አልነግራቸውም። አትፍራ። ለምን መሰለህ? እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም። ራሷን ልታነጻ ነው ይላሉ፣ ልጄን ልታስረሳኝ ነው ይላሉ። ይኼን ነገር ከኔ አፍ መስማት እንዳይችሉ አድርገህ ነው የሠራሃቸው። ስለዚህ አንተ ነህ የምትነግራቸው... አሁን። አሁን ነዋ! ስትመጣ አይደለም። ስትመጣ ያው ዓይንህን ትሰብራለህ። ስልክ ይቀላል፣ አያዩህም።

— አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው። "ናሽዋ አይደለችም።" ጂኑን ተወው፣ ሐኪሙን ተወው፣ ሲሊንደሩንም ከፈለግክ ተወው። የራስህን ጥፋት እንኳን አትንገራቸው፣ ይቅርብህ። "እማ፣ ናሽዋ አይደለችም።" ይቺን ብቻ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም... ትችላለህ? በለኝ እስቲ። እችላለሁ በለኝ።

— ሄሎ?... አለህ?... ስትተነፍስ ይሰማኛል፣ አለህ።

— እሺ አልክ? እሺ ነው ያልከው?... እሺ። ልሰጣቸው ነው።

— እማማ... እማማ፣ ይምጡ። አይ፣ ድመቷን ያስቀምጧት። ሙፊድ ነው። ሊነግርዎት የሚፈልገው ነገር አለ... ስለ ሺናን ነው... አይ እማማ፣ እኔ አልናገርም፣ ከሱ ይስሙት። እንኩ፣ ይያዙት። በዚህ በኩል ነው፣ ጆሮዎ ላይ ጠጋ ያድርጉት። "ሄሎ" ይበሉት።

— ምን ይላል?

— ሄሎ ይበሉት ደግመው፣ አንዳንዴ ይቆያል... ልጅዎ ነው፣ አለ፣ አሁን ሲያናግረኝ ነበር። ትንሽ ይታገሱት።

— እ?... ምንም?... ያምጡት እስቲ። ያምጡት።

— ሄሎ?... ሙፊድ?... ሙፊድ!

— ኔትወርኩ አይደለም እማማ። ዘጋብዎት።